በልደት ተራቸው

ጠጋ በሉ። ወንበር የደረሳችሁ ተቀመጡ፤ ያልደረሳችሁ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ስሙ። የዛሬው ትረካ ስለ ጥፍር ነው። «ጥፍር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥርስ ሐኪም አለ፣ የፍርድ ቤት እግድ አለ፣ የሆሊውድ ተዋናይት አለች፣ ከጦርነት ሸሽተው ባሕር የተሻገሩ ሴቶችም አሉ።

የምተርከው ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የጥፍር ሥራ ልማር ብላ የተነሣች ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አክሪሊክ ልጀምር፣ ጄል ልጀምር ወይስ ያንን አዲስ የመጣውን ፖሊጄል?» አንዷ አሠልጣኝ የምትሸጠውን ዕቃ ትነግራታለች፤ ሌላዋ የምትችለውን ብቻ ትነግራታለች፤ ሦስተኛዋ ቲክቶክ ላይ ያየችውን። እኔ ታሪኩን እነግራታለሁ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለና። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከቤታችን እንነሣ። አያቶቻችን ጥፍራቸውን ለማስዋብ ሱቅ አልወረዱም። ሠርግ ወይም በዓል ሲደርስ የእንሶስላን ሥር ቆፍረው፣ አድቅቀው፣ እጅና እግራቸው ላይ አድርገው መዳፋቸውንና ጥፍራቸውን ያቀሉ ነበር። በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ደግሞ ሂና አለ። ሁለቱም ቀለም ናቸው፤ ጥፍሩን ያቀላሉ እንጂ አያስረዝሙትም። ርዝመቱን የሚሰጠው ፈጣሪ ነው፤ እሱም ቢሆን በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሊጥ የምታቦካ፣ ሽንኩርት የምትከትፍ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት ደግሞ ያችኑ ጭማሪ ሳታይበት ጥፍሯ ይሰበራል። የአክሪሊክ ጥፍር ታሪክም የሚጀምረው ከስብራት ነው።

የተሰበረው ግን የወንድ ጥፍር ነበር። ዘመኑ 1954፣ አገሩ አሜሪካ። ፍሬድ ስላክ የሚባል ጥርስ ሐኪም ሥራ ላይ እንዳለ ጥፍሩ ተሰበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ይተወው ነበር። ሐኪሙ ግን ዙሪያውን ሲያይ ምን አገኘ? ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን አክሪሊክ፤ ዱቄትና ፈሳሽ፣ ሲገናኙ የሚጠነክሩ። ጣቱ ጫፍ ላይ ቅርጽ መያዣ አበጀና የጥርሱን አክሪሊክ በዚያ ላይ ቀርጾ ለራሱ ጥፍር ሠራ። ከዚያ ከወንድሙ ከቶም ጋር ሆነው ነገሩን ደጋግመው ሞከሩት፣ አሻሻሉት፣ የፈጠራ መብት አወጡበት፤ ፓቲ ኔይልስ የሚባል ድርጅትም አቋቋሙ። ዛሬ ከደንበኛሽ ጥፍር ጫፍ ሥር የምታስገቢው፣ ፎርም የምንለው ነገር የዚያ ቅርጽ መያዣ ዘር ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ ላድርግና፣ አንቺ ልማር ያልሽው ልጅ፣ አክሪሊክ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ብሩሽሽን ፈሳሹ ውስጥ ትነክሪያለሽ፤ ትርፉን በዕቃው አፍ ላይ ታራግፊያለሽ፤ የብሩሹን ጫፍ ዱቄቱን ታስነኪዋለሽ፤ ጫፉ ላይ አንዲት እንክብል ትይዛለች። እንክብሏን ጥፍሩ ላይ ካሳረፍሻት በኋላ ሰዓቱ ያንቺ አይደለም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ማስነሻና ፈሳሹ ውስጥ ያለው አፋጣኝ ተገናኝተዋል፤ በራሳቸው ጊዜ እየጠነከሩ ይሄዳሉ። መብራት አይጠብቁም፤ ያንቺንም ፈቃድ አይጠብቁም። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ቅርጽ ካልሰጠሻት፣ ቀሪውን ጊዜ ሞረድ ይዘሽ ስትፍቂ ትውያለሽ። የቸኮለች አፍሳ ትለቅማለች ይባላል፤ አክሪሊክ ላይ የዘገየችም እንደዚያው ናት።

ያቺ እንክብል ታዲያ ሦስት ነገር ታስተምራለች። አንደኛው መጠን ነው። ፈሳሹ ሲበዛ ወደ ቆዳው ይሸሻል፤ ቆዳ ነክቶ የደረቀ አክሪሊክ ከሥሩ ቶሎ ይነሣል፣ ቆዳውንም ያስቆጣል። ዱቄቱ ሲበዛ ደግሞ ሸካራና ተሰባሪ ይሆናል። ሁለተኛው ቦታ ነው። ከቆዳው አጠገብ ስስ፣ ጥፍሩ ከሥጋው ተለይቶ ወደ ውጭ በሚወጣበት አካባቢ ወፈር ያለ፣ ጫፉ ላይ መልሶ ቀጠን ያለ መሆን አለበት። ያችን መሐል ላይ ያለች ጉብታ ባለሙያዎቹ አፔክስ ይሏታል፤ ርዝመቱን ተሸክማ የምታቆመው እሷ ናት። ሦስተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። ድሬዳዋ ላይ በሙቀቱ እጅሽ ላይ ቶሎ ይጠነክርብሻል፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ጠዋት ደግሞ ይዘገይና በብርዱ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ያወጣል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አያስተምርሽም፤ እጅሽ ነው የሚያውቀው።

መልካም፣ ታሪኩ ይቀጥል። ከጥርስ ሐኪም ቤት የወጣው ፈሳሽ ሜቲል ሜታክሪሌት ይባላል፤ በአጭሩ ኤምኤምኤ። ለጥርስ ሥራ ደኅና ነው። ጥፍር ላይ ግን ሌላ ጠባይ አወጣ፤ ከመጠን በላይ ጠነከረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አቤቱታ ይጎርፍለት ጀመር። የተጎዳ ጥፍር፣ ቅርጹ የተበላሸ ጥፍር፣ የተቆጣ ቆዳ። መሥሪያ ቤቱ ፍርድ ቤት ሄደ፤ መቶ በመቶ ኤምኤምኤ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ታገደ፣ ዕቃ ተያዘ፣ ሌሎቹም የሸጡትን መልሰው ሰበሰቡ። ነገሩ ምንድን ነው? ጠንካራው አክሪሊክ ከበር ጋር ሲጋጭ እሱ አይሰበርም፤ ሥር ያለውን የተፈጥሮ ጥፍር ይዞት ይነሣል። ከሥሩ የተነቀለ ጥፍር መልሶ ለመሙላት ግማሽ ዓመት ያህል ይፈልጋል።

ቦታውን የያዘው ዘመዱ ኤቲል ሜታክሪሌት ነው፤ ኢኤምኤ ይሉታል። ሲጠነክር ትንሽ ለዘብ ያለ ነው፤ በአሴቶን ሲነከርም ይለቃል። ዋጋው ግን ከኤምኤምኤ ይወደዳል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ርካሹ ዛሬም ስም በሌለው ጠርሙስ ይሸጣል። ምልክቱን ያዢ። ሽታው ከተለመደው የአክሪሊክ ሽታ የተለየና የሚያንቅ ነው፣ ሞረድ አይበግረውም፣ አሴቶን ውስጥ ብዙ ቆይቶም አልላቀቅ ይላል። ጠርሙሱ ላይ የውስጡ ስም ካልተጻፈ አትግዢ። የምትማሪበት ቤት ይህን ፈሳሽ የሚያስነካሽ ከሆነ ተነሥተሽ ውጪ።

«እትዬ፣ ታሪኩ ከጥርስ ሐኪም ቤት አይወጣም እንዴ?» ትይኝ ይሆናል። ገና ነው ልጄ! በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቱዋርት ኖርድስትሮም የሚባል ሌላ ጥርስ ሐኪም ነበር። አንዲት የጥፍር ባለሙያ ለሕክምና ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ የሚጠቀምበት ነገር ሽታው እሷ ለጥፍር ከምትጠቀምበት ጋር እንደሚመሳሰል ነገረችው። ሰውየው ሐሳቡን ይዞ ሄደና ለጥፍር የሚሆን ፈሳሽ አዘጋጀ፤ ዛሬ ሲኤንዲ የሚባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ኦዶንቶሪየም ፕሮዳክትስ ኢንክ የሚባል የጥርስ ሕክምና ዕቃ አቅራቢ ነበር። የጥፍር ባለሙያዎች እየመጡ የጥርስ አክሪሊክ እንደሚገዙ ያየው ባለቤቱ ጆርጅ ሼፈር በ1981 ፊቱን ወደ ጥፍር አዞረ። የድርጅቱን ስም መጀመሪያ ፊደላት ብቻ ያዙ፤ ኦፒአይ ይሆናል። ያ በየሳሎኑ መደርደሪያ ላይ የምታዩት ጠርሙስ የጥርስ ሱቅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሴቶቹ። በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ብዙ ቬትናማውያን ተሰደው አሜሪካ ገቡ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳክራሜንቶ ብዙም ሳይርቅ ሆፕ ቪሌጅ በሚባል መጠለያ ጥቂቶቹ አርፈው ነበር። ቲፒ ሄድረን፣ ያቺ በሂችኮክ «ዘ በርድስ» ፊልም ላይ የምናውቃት ተዋናይት፣ ለሴቶቹ ሙያ እንፈልግላቸው እያለች ትመላለስ ነበር። ሴቶቹ ግን ዓይናቸው የወደቀው ጥፍሯ ላይ ነው። ሄድረን ገባት። የራሷን የጥፍር ባለሙያ አምጥታ እንድታስተምራቸው አደረገች፤ በአካባቢው ያለ የውበት ትምህርት ቤትም ገባበት፤ 20 ሴቶች ተማሩ፣ ፈተና አለፉ፣ ሥራ ያዙ። እነሱ ዘመዶቻቸውን አስተማሩ፣ ዘመዶቻቸው ሌሎችን። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በጥፍር ሥራ ከሚተዳደሩት ግማሽ ያህሉ ቬትናማውያን እንደሆኑ ይነገራል። እነዚያ ሴቶች ስለ አዲስ ፈጠራ አልተጨነቁም፤ ከማኒኪዩር ተነሡ። ሞረድ አያያዝ፣ የጥፍር ሥር ቆዳ አገፋፍ፣ ዕቃ ማጽዳት። እንግሊዝኛው ሳይሞላላቸው እጃቸው ሞላ።

እዚያው አሜሪካ ያላችሁ የእኛ ልጆች ይህን ደረጃ መዝለል አትችሉም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ቨርጂኒያ 150 ሰዓት፣ ሜሪላንድ 250፣ ካሊፎርኒያ 400፣ ቴክሳስ 600 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃሉ። አገር ቤት ያላችሁት ግን አጭር ሥልጠና ገዝታችሁ በቀጥታ ርዝመት መቀጠል ልትጀምሩ ትችላላችሁ፤ አደጋውም ይኸው ነው። የተፈጥሮ ጥፍር ስስ ነገር ነው፤ ያላወቀ እጅ የሞረድ ማሽን ይዞ ሲገባበት ከላይ ከላይ እየፋቀ ወረቀት ያደርገዋል።

እንግዲህ የአክሪሊክ ዘመን ነግሦ ሳለ ጄል መጣ። የመጀመሪያዎቹ ጄሎች በ1980ዎቹ ነው ብቅ ያሉት፤ አልሆነላቸውም። ጄል በራሱ አይደርቅም፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃን የሚቀበል ቅመም ውስጡ አለ፤ ብርሃኑ ሲመታው ያ ቅመም ይነሣና ጄሉን ያጠነክረዋል። ታዲያ መብራቱን የሚሠራውና ጄሉን የሚሠራው ተነጋግረው አልሠሩም ነበር። አንዱ መብራት ያንሰዋል፣ ሌላው ይበዛበታል፤ ደንበኛዋ ጣቷ ሲቃጠል እጇን መንጭቃ ታወጣለች። ጄል አፍሮ ወደ ጓዳ ተመለሰ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ተሻሽሎ መጣ። 2010 ሲደርስ ደግሞ ሲኤንዲ ሼላክን አወጣ፤ እንደ ኩቴክስ የሚቀባ፣ በመብራት የሚደርቅ፣ ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ በአሴቶን የሚወልቅ። ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ ሁሉ ተለወጠ። የኤልኢዲ መብራት ሲጨመርበት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ወደ 30 እና 60 ሰከንድ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። እንደ ሼላክ ያለው ጄል ኩቴክስ ቀለም ብቻ ነው፤ ጥፍር አያስረዝምም። ስለዚህ «ምን ልጀምር» ከሚለው ምርጫ ውስጥ አታስገቢው፤ ከማኒኪዩር ጋር አብረሽ ተማሪው፣ የቤት ኪራይሽንም እሱ ይክፈልልሽ። ከአክሪሊክ ጋር የሚወዳደረው ወፍራሙ ጄል ነው፤ ፎርም ወይም ቲፕ የሚባል ተለጣፊ የጥፍር ጫፍ ላይ ተገንብቶ ርዝመት የሚሠራው፣ ቢልደር ወይም ሃርድ ጄል የሚባለው።

ጄል ከአክሪሊክ በኋላ ተወልዶ ምን አቀለለ? ጊዜውን። መብራት ውስጥ እስካልገባ ድረስ አይደርቅምና ስታስተካክይ፣ ስትመልሺ፣ ስትገለብጪ መዋል ትችያለሽ። መጠኑንም አቀለለ፤ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፣ የምትቀላቅይው የለም። ሽታውንም ወሰደው። ምን አመጣ? የማይታይ ስሕተት። አክሪሊክ ስትሳሳቺ እዚያው ይነግርሻል፤ ይፈስሳል፣ ይሸክራል። ጄል ግን ላዩ አብረቅርቆ ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ደክሞ ከሆነ፣ ጄሉን አወፍረሽ ደርበሽ ከሆነ፣ የአንዱን ድርጅት ጄል በሌላው መብራት አድርቀሽ ከሆነ፣ ዓይንሽ አያውቀውም። ያ ጥሬ ጄል ቆዳ ላይ ሲመላለስ አለርጂ ያመጣል።

አለርጂው ደግሞ እንደ ጉንፋን የሚያልፍ አይደለም። አንዴ ሰውነት ጄሉም አክሪሊኩም የሚሠሩበትን ሜታክሪሌትን ከጠላ ዕድሜ ልኩን ይጠላዋል። ጥርስ የሚሞላበት፣ ዐጥንት የሚያያዝበት ሲሚንቶም የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ጣትሽ ላይ የጀመረው ነገ ሐኪም ቤት ሊከተልሽ ይችላል። የእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ይህንኑ አስጠንቅቋል። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ሄማ የሚባለው የሜታክሪሌት ዓይነት ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት ለባለሙያ ብቻ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ቲፒኦ የሚባለውን ብርሃን ተቀባይ ቅመም ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሎታል። እዚያ የታገደ ዕቃ በርካሽ ሌላ አገር ገበያ መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለምና፣ ጄል ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ።

ከአክሪሊክና ከጄል ሌላም ብዙ አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ፖሊጄል በ2010ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መጣ፤ የአክሪሊክ ዱቄትና ጄል ተቀላቅለው በቱቦ የገቡበት ነው። ጨምቀሽ ታወጫለሽ፣ በማንሸራተቻ ፈሳሽ ትዳምጪዋለሽ፣ መብራት ውስጥ ታስገቢያለሽ። ዲፕ የሚባለው ደግሞ የማጣበቂያና የዱቄት ሥራ ነው፤ ማጣበቂያው ከሱፐር ግሉ ወገን ነው። ጥፍሩ ላይ ይቀባል፣ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ይደገማል። የሁሉንም ደንበኛ ጣት አንድ የዱቄት ዕቃ ውስጥ የሚነክር ሳሎን ካየሽ ሽሺ፤ ዱቄቱ በማንኪያ ይፈስሳል እንጂ ጣት አይነከርበትም። ሙሉ ጥፍር የሚሸፍኑ የጄል ቲፖችም አሉ፤ ቅርጻቸው ከፋብሪካ አልቆ ነው የሚመጣው። ያንቺ ድርሻ መጠኑን መምረጥና አየር ሳታስገቢ መለጠፍ ነው።

አሁን ሁሉንም በተወለዱበት ተራ አሰልፊያቸውና እያቸው። አክሪሊክ ሁሉን ከእጅሽ ይፈልጋል፤ መጠን፣ ጊዜ፣ ቅርጽ። ጄል መጣና መጠንና ጊዜን ከእጅሽ ተቀበለ፤ ቅርጹን ተወልሽ። ፖሊጄል ጄሉ እንዳይፈስስ አድርጎ ቅርጹንም አገዘሽ። ቲፑ መጣና ቅርጹን ራሱ ሠርቶ አመጣው። እያንዳንዱ የተወለደው ከበፊቱ አንድ ችግር ሊያቃልል ነው። ከመጨረሻው የምትጀምር ልጅ ታዲያ የተቃለለላትን ችግር አታውቀውም። ቲፑ ሲሰነጠቅባት አፔክሱ የት እንደጎደለ አታይም፤ ጄሉ ሲነሣባት ከቆዳው ጋር መነካካቱን አትጠረጥርም፤ «ዕቃው መጥፎ ነው» ብላ ሌላ ዕቃ ትገዛለች። ከአክሪሊክ የጀመረችው ግን ጄል ሲሰጣት የሚቀራት መብራቱን መልመድ ነው፤ ቅርጹ እጇ ላይ አለ።

«እትዬ፣ ሽታውስ?» ያልሽው ከኋላ ያለሽው፣ ደግ ጠየቅሽ። የአክሪሊክ ፈሳሽ ሽታ ከባድ ነው፤ ትነቱም፣ የሞረዱ ብናኝም ሳንባ አይወድም። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ ፀጉር በሚተኮስበት ሳሎን አንድ ጥግ ተከራይተሽ፣ ወይም አስም እያለብሽ አክሪሊክ አትጀምሪ። አንቺ በቢልደር ጄል ጀምሪ፤ ቅርጹን ግን በፎርም ተማሪ፣ በተዘጋጀ ቲፕ አይደለም። ክፍልሽ መስኮት ካለው ክፈችው፤ ፈሳሹን ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ያዢ፤ የተጠቀምሽበትን ወረቀት ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ጣይ። ጄል ሽታ የለውም ብለሽም አትዘናጊ፤ ሲሞረድ ብናኙ ያው ብናኝ ነው።

ሌላዋ ደግሞ «ገበያው ወዴት ነው?» ትላለች። ገበያው እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ አክሪሊክ ተወዳጅ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ጄል የሚመራባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ መብራት አለ፤ ማለቴ መብራት ይጠፋል። አምስት ጣቷ ደርቆ አምስቱ ጥሬ የሆነባት ደንበኛ ፊት ጄል ይዘሽ ስትቆሚ፣ አክሪሊክ መብራት እንደማይለምን ታስታውሻለሽ። ቻርጅ የሚደረግ መብራት ገዝተሽ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሲደክም ብርሃኑም ይደክማልና ሞልተሽ ጀምሪ።

ደንበኞችሽንም እወቂያቸው። የእኛ ሰው በእጁ ይበላል፤ ጉርሻ የምታጎርስ ሴት ረጅምና ሹል ጥፍር አያመቻትም፤ አጠር ያለ፣ ጫፉ የለዘበ፣ የራሷን ጥፍር የሚያጠነክር ሥራ ነው የምትፈልገው። እርድና በርበሬ ነጭና ፈዛዛ ቀለም ላይ ይዘልቃሉ፤ ቀድመሽ ንገሪያት። ቀኑን ሙሉ እጇ ውኃ ውስጥ የሚውል ደንበኛ፣ ከሥሩ የተነሣ ጥፍር ይዛ ከሰነበተች ውኃ ይገባበትና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ባክቴሪያ ነው፣ ይወልቃል እንጂ በላዩ አይቀባበትም። ሙስሊሟ ደንበኛሽ ለውዱእ ውኃው ጥፍሯ ላይ መድረስ አለበትና በቀላሉ የሚወልቀውን ትመርጣለች፤ አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ይህ አይለወጥም። ሙሽሮቹ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጊዜ ይጎርፋሉ፤ በዚያ ወቅት ፍጥነት ያላት ትበላለች። ፍጥነት የሚመጣው ደግሞ ከዕቃ ብዛት አይደለም፤ አንዱን አሳምሮ ከማወቅ ነው።

ገንዘብሽን ከመክፈልሽ በፊት አሠልጣኟን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት። ፈሳሹ ምንድን ነው፣ ጠርሙሱን ላየው እችላለሁ? በፕላስቲክ እጅ ላይ ብቻ ነው የምሠራው ወይስ በሰው ጣት ላይም? መቀጠሉን ብቻ ነው የምታስተምሪኝ ወይስ ማውለቁንም፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የሚደረገውንም ሙሌት? ዕቃሽን በምን ታጸጂያለሽ? አራቱን ሳትቆጣ የመለሰችልሽ አስተማሪ ናት። ዕቃ ግዢኝ ብላ የምትጀምርልሽ ግን ነጋዴ ናት፤ ነጋዴ መሆን ነውር የለውም፣ ትምህርት ግን አይደለም።

ፍርዴን ስሙ። መጀመሪያ ማኒኪዩርና ጄል ኩቴክስ፤ ቀጥሎ መስኮት ያለው ክፍል ካለሽ አክሪሊክ፣ ከሌለሽ ቢልደር ጄል በፎርም፤ ፖሊጄሉና ቲፑ ከዚያ በኋላ በራሳቸው ይገባሉ። ሁለት ሥልጠና በአንድ ጊዜ አትመዝገቢ። አንዱን ይዘሽ፣ የሠራሽው ጥፍር ሦስት ሳምንት ሳይነሣ የሚቆይልሽ ሲሆን ወደሚቀጥለው እለፊ። ደንበኛ የምትመለሰው አዲስ ነገር ስላየች አይደለም፤ ጥፍሯ ሳይጎዳ ስለወለቀላት ነው።